ፊርማቸውን ሳንጠይቃቸው ያለፉት

አሜሪካ ልጅ የምታሳድጉ ሰዎች፣ ቤት ውስጥ ያስቀመጣችሁት ቴምብር ቶሎ ቶሎ የሚያልቅባችሁ ከሆነ የልጃችሁን መሳቢያ ከፈት አድርጋችሁ እዩ። የቤዝቦልና የቅርጫት ኳስ ካርድ የሚሰበስቡ ልጆች ካርዱን ገዝተው ማስቀመጥ ብቻ አያረካቸውም፤ የተጫዋቹን ፊርማ ይፈልጋሉ። ለዚህ ደግሞ ስታዲየም በር ላይ መጋፋት የለባቸውም። አጭር ደብዳቤ ይጽፋሉ፤ ካርዱን ያስገባሉ፤ የራሳቸው አድራሻ የተጻፈበትና ቴምብር የተለጠፈበት ሌላ ፖስታ አጥፈው ይጨምሩና በክለቡ አድራሻ ይልካሉ። ከዚያ በኋላ ያለው መጠበቅ ነው። አንዱ ተጫዋች በሁለት ሳምንት ፈርሞ ይመልሳል፤ የሌላው መልስ ልጁ ከረሳው በኋላ ከች ይላል፤ የቀረው በዚያው ይቀራል።

ጀርመን ያላችሁ ይህን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ብዙ የቡንደስሊጋ ክለቦች የተጫዋቾቻቸውን ፎቶ በፖስት ካርድ መልክ ያሳትማሉ፤ አውቶግራምካርተ ይሉታል። መመለሻ ፖስታ አያይዞ ለጠየቀ ደጋፊ ይልካሉ። አባቱ ኢትዮጵያዊ የሆነው የቀድሞው የቼክ ብሔራዊ ቡድን ተከላካይ ቴዎዶር ገብረሥላሴ እ.ኤ.አ. ከ2012 እስከ 2021 ለቬርደር ብሬመን ተጫውቷል። ያን ሁሉ ዓመት ጀርመን የሚያድግ የእኛ ልጅ በአንድ ደብዳቤ ሊያገኘው ይችል ነበር።

ነገሩ የልጅ ጨዋታ ነው ብሎ የሚንቅ ካለ፣ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2022 አንድ የ1952 የሚኪ ማንትል ቶፕስ ካርድ በ12.6 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። ያውም ፊርማ የሌለበት። ይህን ያነሣሁት ለትርፍ ግቡበት ለማለት አይደለም፤ እንዲያውም እኔ የምለው ነገር አምስት ሳንቲም የሚያስገኝ አይመስለኝም። ልጆቻችን የማያውቋቸውን ሰዎች ስም በእጅ ጽሑፍ ሲሰበስቡ፣ እኛ የምናውቃቸውን፣ ሬዲዮ ላይ ጆሯችንን ለጥፈን የሰማናቸውን አንድም ቀን ጠይቀን አናውቅም። እኔን የሚቆጨኝ ይኼ ነው።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ጎንደር ጥምቀትን አክብራ፣ በማግሥቱ ቃና ዘገሊላን ሸኝታ ገና ድካሟ ሳይወጣላት፣ አዲስ አበባ ላይ ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ አነሣች። መደበኛው ሰዓት 2 ለ 2 ተጠናቀቀ፤ በጭማሪው ሰዓት 4 ለ 2 ሆነ። አራተኛዋን ጎል ያስቆጠረው የጎንደር ተወላጁ መንግሥቱ ወርቁ ነው። በአፍሪካ ዋንጫ በድምሩ 10 ጎል አግብቷል፤ ዕድሜውን በቅዱስ ጊዮርጊስ ማልያ ጨረሰ ማለት ይቻላል፤ በኋላም ብሔራዊ ቡድኑን አሠልጥኖ እ.ኤ.አ. በ1982 ሊቢያ ላይ ለተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ አብቅቶታል። ለ1954ቱ ውድድር መታሰቢያ ቴምብር ታትሞ ነበር፤ የጎሉ ባለቤቶች ግን ካርድ የሚባል ነገር አላዩም። መንግሥቱ በታኅሣሥ 2003 ዓ.ም. አረፈ። በቤታችሁ ግድግዳ ላይ የእሱ ፊርማ ያለበት ፎቶ የሰቀላችሁ ስንት ናችሁ?

የአምበሉ የሉቺያኖ ቫሳሎ ደግሞ ይብሳል። ዋንጫውን ከጃንሆይ እጅ የተቀበለው እሱ ነው። በደርግ ዘመን ተሰዶ ጣሊያን ገባ፤ እስኪሞት ድረስም እዚያው ኖረ። የሞተው በመስከረም 2015 ዓ.ም. ነው። አርባ ዓመት ገደማ! ፖስታ በሰዓቱ በሚደርስበት አገር፣ ቤት ለቤት ደብዳቤ በሚታደልበት ከተማ። ሮም፣ ሚላኖ፣ ቦሎኛ የምትኖሩ አበሾች ለእሱ ለመጻፍ የትራም ትኬት እንኳ አያስፈልጋችሁም ነበር። ዛሬ የእሱን ፊርማ የሚፈልግ ሰው ከነጋዴ ላይ ሊገዛ ነው፤ እውነተኛ ይሁን የተጭበረበረ ማን ያውቅለታል።

እንግዲህ ወደ ጎንደር። ፋሲል ከነማ በ1960 ዓ.ም. የተመሠረተ ክለብ ነው። አፄዎቹ (የክለቡ ቅጽል ስም ነው) በ2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያን ዋንጫ፣ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ወሰዱ፤ አሠልጣኙ ሥዩም ከበደ፣ አምበሉ ያሬድ ባየህ፣ ጎል አዳኙ ሙጂብ ቃሲም ነበሩ። የዚያ ዓመት ሊግ በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወረ ስለተካሄደ ጎንደሬው ቡድኑ ሻምፒዮን ሲሆን በገዛ ሜዳው አላየውም፤ እንደ እናንተው በቴሌቪዥን ነው የተከታተለው። ያም ሆኖ የዚህ ትውልድ ተጫዋቾች አያሳስቡኝም። ሱፐርስፖርት ቀርጿቸዋል፤ ፎቷቸው በየስልኩ አለ። ሱራፌል ዳኛቸውማ ቨርጂኒያ ድረስ መጥቶ ለሎውደን ዩናይትድ ተጫውቷል፤ የዲሲና የአካባቢው ሰው ፖስታ ቤትም ሳይሄድ ሊያስፈርመው ይችል ነበር።

የሚያሳስቡኝ የመጀመሪያዎቹ ናቸው። በ1960ዎቹ ቡድኑን ይዘው አቧራ ላይ የሮጡት፣ ቀን ሥራ ውለው ማታ ልምምድ የወረዱት፣ ስማቸው በአባቶቻችን አፍ እንጂ በአንድም ካርድ ላይ የሌለው። በሕይወት ያሉት ዛሬ ሰባውን አልፈዋል፤ አንዳንዱ ከዘራ ይዞ ቅዳሴ የሚሄድ ሽማግሌ ነው። ለእነሱ ጻፉ። ዛሬ ነገ አትበሉ።

እንዴት ይላካል ለምትሉኝ፣ የአሜሪካኑ ዘዴ እንዳለ አይሠራም። አገራችን የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ከሆነች (እ.ኤ.አ. ከ1908 ጀምሮ) ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗታል፤ ደብዳቤ ግን ዛሬም የሚመጣው ወደ ቤት ሳይሆን ወደ ሣጥን ነው። ጎንደር ፒያሳ ላይ ጣሊያን በአምስቱ ዓመት የሠራውን ፖስታ ቤት የማያስታውስ የለም። የምትጽፉለት ሰው ግን የራሱ ፖስታ ሣጥን ላይኖረው ይችላል። እኛ ልጆች ሆነን አንድ የትምህርት ቤት ሣጥን ስንቱን አባወራ ያገለግል እንደነበር ታውቃላችሁ፤ «በእገሌ ትምህርት ቤት በኩል፣ ለአቶ እገሌ» ይባልና ደብዳቤው በተማሪ እጅ ቤት ይገባል። አሁንም እንደዚያው አድርጉ። ሣጥን ያለው ዘመድ፣ ሱቅ ወይም መሥሪያ ቤት ፈልጋችሁ «በኩል» ብላችሁ ጻፉ፤ የባለቤቱን ስም እስከ አያት፣ የሚቀበለውን ሰው ስልክ ቁጥርም ጨምሩበት። ከአሜሪካ አንድ ዓለም አቀፍ ፎርኤቨር ቴምብር ቀለል ያለ ደብዳቤ ጎንደር ያደርሳል።

መመለሻው ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። የአሜሪካ ቴምብር የለጠፋችሁበት መመለሻ ፖስታ ጎንደር ላይ ዋጋ የለውም፤ ከዚያ የሚነሣ ደብዳቤ የሚሄደው በኢትዮጵያ ቴምብር ነው። ሽማግሌውን ወጪ አታስገቡ። የቴምብሩን ሒሳብ ለዘመድ ላኩና እሱ ይለጥፍላችሁ፤ ወይም የተፈረመውን ሰብስቦ ያቆይና መንገደኛ ሲገኝ ይላክ። ሻንጣ ውስጥ ሽሮና በርበሬ መሀል የገባ ፎቶ ግን በፕላስቲክ ካልተጠቀለለ በርበሬው ቀለም ያወጣበታል። ፖስታ ውስጥ ዶላር አትክተቱ፤ ደብዳቤውም ሊቀር ይችላል፤ ቢደርስ ደግሞ የአክብሮት ጥያቄያችሁን የገበያ ያስመስለዋል።

ሰውየው ደባርቅ፣ ዳባት ወይም አምባ ጊዮርጊስ የሚኖር ከሆነ ትዕግሥት ጨምሩ። ከጎንደር ደባርቅ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከቅርብ ዓመታት ግጭት ወዲህ ግን መንገዱ ሁልጊዜ አይከፈትም፤ ስልኩም አንዳንዴ አይሠራም። ወራት ቢያልፉ ሰውየው ንቆኝ ነው ብላችሁ አትቀየሙ።

ካርድ የላቸውም አልኩ፤ ስለዚህ ካርዱን የምትሠሩት እናንተ ናችሁ። የቡድኑ የድሮ ፎቶ በብዙ ጎንደሬ ቤት አልበም ውስጥ አለ፤ ቆመውና በርከክ ብለው በሁለት ረድፍ የተነሡት፣ አምበሉ ኳሷን ጉልበቱ ላይ ያስቀመጠባት። እሱን በጥሩ ስካነር አንስታችሁ የእያንዳንዱን ሰው ለብቻ አውጡና የፖስት ካርድ መጠን አሳትሙት። የሚያብለጨልጭ ወረቀት አትጠቀሙ። ስክሪፕቶ ይንሸራተትበታል፤ ማርከሩ ደግሞ ሳይደርቅ አውራ ጣት ካረፈበት የስሙ የመጨረሻ ፊደል ጭራ አውጥቶ ደረቱ ላይ ይቀራል። ልሙጥ ያልሆነ ወረቀት ይሁን፤ ጫፉ ቀጭን፣ ቀለሙ የማይለቅ ማርከርም ከፎቶው ጋር በመንገደኛ ይሂድ። ሁለት ካርድ ላኩ፤ አንዱ ለእሳቸው ይቅር። አምስት ስድስት ፎቶ ደራርቦ «ሁሉም ላይ ይፈርሙልኝ» ማለት ግን ነውር ነው፤ ሊሸጣቸው ነው ብለው ቢጠረጥሩ አይፈረድባቸውም።

አንድ ሌላ ነገር አለ፤ ውጭ አገር የተወለዱ ልጆች የማይገባቸው። እኛ ዘንድ ፊርማ የሚፈለገው ለውል፣ ለዋስትና፣ ለደመወዝ፣ ለፍርድ ቤት መጥሪያ ነው። «ባዶ ወረቀት ላይ እንዳትፈርም» እየተባለ ያደገ ሰው፣ ከማያውቀው አገር፣ ከማያውቀው ሰው «እዚህች ላይ ይፈርሙልኝ» የሚል ደብዳቤ ቢደርሰው ቢደነግጥ እውነቱን ነው። ስለዚህ ደብዳቤው በአማርኛ ይሁን፤ የማን ልጅ፣ የየት አገር ሰው እንደሆናችሁ ከመጀመሪያው ይናገር። ከፎቶው ግርጌ «ለማስታወሻ» የሚል ቃል ቀድማችሁ አሳትሙበት። ልጃችሁ በተንጋደደ ፊደልም ቢሆን በገዛ እጁ «ጤና ይስጥልኝ ጋሼ፣ አባቴ የእርስዎን ጨዋታ ያወራልኛል» ብሎ ቢጽፍ ከማንኛውም የተተየበ ደብዳቤ ይበልጣል፤ እናንተ አጠገቡ ቁጭ ብላችሁ ፊደሉን ብታርሙለት ደግሞ የቅዳሜ የአማርኛ ትምህርቱን በዚያው አስጠናችሁት ማለት ነው።

ለደጋፊ ማኅበራትም አንድ ቃል። በየከተማው ለማልያ፣ ለእራት ግብዣ፣ ለዋንጫ አቀባበል ገንዘብ ስናዋጣ ኖረናል። ከዚያ ላይ ጥቂቱን ለይታችሁ ክለቡ እንደ ጀርመኖቹ የቀድሞና የአሁን ተጫዋቾቹን ካርድ እንዲያሳትም ብትረዱት፣ ሊጉ የትም ከተማ ቢካሄድ የጎንደሩ ቢሮ የሚጽፍለትን ሁሉ የሚያስተናግድበት አንድ መሳቢያ ይኖረዋል። እስካሁን ይህን ሐሳብ ያነሣሁላቸው ሰዎች አብዛኞቹ ሳቁብኝ፤ «ፊርማ ምን ይበላል?» አሉኝ። ዲሲ ውስጥ የአሜሪካ እግር ኳስ ተጫዋች የፈረመበትን ኮፍያ በመስታወት ሣጥን ያስቀመጠ ሰው ነው እንዲህ የሚለኝ።

ስትጽፉላቸው ፊርማ ብቻ አትጠይቁ። የተጫወቱበትን ቦታ፣ ግራ ክንፍ ይሁን መሀል ተከላካይ፣ ከስንት እስከ ስንት ዓመተ ምሕረት እንደሆነ በጀርባው በእጃቸው እንዲጽፉት ለምኑ። እጃቸው የሚንቀጠቀጥ ከሆነ የሚንቀጠቀጠው ፊርማ ይምጣ፤ የልጅ ልጅ በእሳቸው ስም አሳምሮ እንዳይፈርም ለሚያደርሰው ሰው አስቀድማችሁ ንገሩት። መጻፍ የማይችሉ ከሆነ የአውራ ጣታቸው አሻራ ይበቃል፤ ከአሻራው ጎን ስማቸውን የጻፈው ሰው የራሱን ስምና ቀኑን ያስፍርበት።