ማስታወሻ ደብተራችሁን ስላልደበቃችሁብን
ገበሎና እንቁራሪት በቤታቸው ለሚያሳድጉ ሰዎች የተጻፈ የምስጋና ደብዳቤ

ውድ የገበሎና የእንቁራሪት አሳዳጊዎች፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ከሜሪላንድ ነው። የአብዛኞቻችሁን ስም አላውቅም። የማውቃችሁ በየጥቂት ወሩ ቅዳሜ ጠዋት በሚደረገው ትርኢት፣ ከረጅሙ ጠረጴዛ ኋላ ቆማችሁ የልጆችን ጥያቄ ሳይሰለቻችሁ ስትመልሱ ነው። ከእናንተ አንዱ በካርቶን ቁራጭ ላይ በእርሳስ የጻፉልኝ መመሪያ ግን ዛሬም በፍሪጃችን በር ላይ ተለጥፎ አለ። ሦስት ዓመት ሙሉ በልቤ ሳመሰግናችሁ ኖሬአለሁ፤ ዛሬ በአደባባይ ልናገረው ወደድሁ።

ያደግሁት አዲስ አበባ፣ እንጦጦ ግርጌ ነው። አጥራችን ላይ እስስት ብቅ ስትል ካየን ድንጋይ ፍለጋ እንሯሯጥ ነበር። የሚከለክለን አልነበረም፤ ትልልቆቹም ይፈሯታል። በቋንቋችን ቃሉን የሚያጥፍ ሰው እስስት፣ ክፋት የሚሸርብ ሰው ደግሞ እባብ ይባላል። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ይባላል፤ እኔ ግን እባቡን እንኳ ሳላይ ከልጡ ስሸሽ ያደግሁ ነኝ። ስለዚህ ልጄ ስምንት ዓመት ሊሞላው ሲል «ለልደቴ ጌኮ ግዢልኝ» ባለኝ ጊዜ መልሴ ምን እንደነበር መገመት አያቅታችሁም። ልጅ ግን ወላጁን ያሸንፋል። አንድ ወር ለመነኝ፤ ተሸነፍሁ።

እንስሳውን የገዛነው ከአንድ ሱቅ ነው። ሌፐርድ ጌኮ የሚሉት፣ እንደ ነብር ዥጉርጉር ያለ፣ እጅ መዳፍ ላይ የሚያርፍ እንሽላሊት ነው። ልጄ ነብሮ አለው። ሻጩ ትንሽ የመስታወት ሳጥን፣ አንድ ከረጢት ቀይ አሸዋና አንድ አምፖል አሸክሞ «በሳምንት ሁለት ሦስቴ ፌንጣ ስጡት» ብሎ ሸኘን። ሌላ ቃል አልጨመረም። በሁለተኛው ወር ነብሮ መብላት አቆመ። ሲራመድ እግሩ ይንቀጠቀጣል፤ የጣቶቹ ጫፍ በደረቀ አሮጌ ቆዳ ታንቋል። ልጄ ማታ ማታ ከሳጥኑ አጠገብ ተቀምጦ ያለቅሳል። እኔ የማውቀው ነገር የለም፤ ዘመድ ወዳጅ ብጠይቅም «ጣዪው» ከማለት በቀር የሚመክረኝ አላገኘሁም።

በዚያ ሰሞን ስለ ቅዳሜው ትርኢት ሰምተን ሄድን። በአዳራሹ ውስጥ ከግራ ቀኝ የተደረደሩትን እባቦች ላለማየት ዐይኔን መሬት ላይ ተክዬ ነበር የምሄደው። ልጄ ሌፐርድ ጌኮ የደረደሩ አንድ ሽበታም አዛውንት ጋ ወሰደኝና የነብሮን ፎቶ ከስልኬ አሳያቸው። እሳቸው ሊሸጡልኝ አልሞከሩም። «በሞቃቱ ወገን ወለሉ ስንት ዲግሪ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ሞቃት ወገን የሚባል ነገር መኖሩን አላውቅም፤ ቴርሞሜትርም አልነበረኝም። አልተቆጡኝም። ወንበር ስበው አስቀመጡኝ፣ ካርቶን ቀደዱ፣ እርሳስ አነሡ።

ያን ቀን የተማርሁትን እስከ ዛሬ በቃሌ እወጣዋለሁ። ይህ እንስሳ የመጣው ከአፍጋኒስታን፣ ከፓኪስታንና ከሰሜን ምዕራብ ሕንድ ደረቅና ድንጋያማ ምድር ነው። ሰውነቱ የራሱን ሙቀት አያመነጭምና በሳጥኑ አንድ ጫፍ 32 ዲግሪ ያህል የሚሞቅ ወለል፣ በሌላው ጫፍ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ያስፈልገዋል፤ እንደ ፍላጎቱ እየተመላለሰ ራሱን ያስተካክላል። ሆዱ ካልሞቀ የበላው አይፈጭለትም። በመካከል ደግሞ እርጥብ ሣር ቢጤ የተጎዘጎዘበት መሸሸጊያ ይሻል፤ ቆዳውን ሲቀይር እርጥበት ካጣ አሮጌው ቆዳ ጣቱን አንቆ እስከ መቁረጥ ይደርሳል። ፌንጣው በካልሲየም ዱቄት ካልተነሰነሰ አጥንቱ ይለሰልሳል፣ እግሩ ይቆለመማል። አሸዋውን ከምግቡ ጋር ከዋጠው አንጀቱን ሊዘጋበት ይችላል። ይህን ሁሉ ሥዕል እየሣሉ ካስረዱኝ በኋላ «ሰኞ ሳትዪ ገበሎ የሚያውቅ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ውሰጂው» ብለው አጥብቀው አዘዙኝ። ሐኪሟ ሚዛን ላይ ስታስቀምጠው 29 ግራም ነበር።

ከመመሪያው ይበልጥ ልቤን የነካው ግን ሌላ ነው። አዛውንቱ ከጠረጴዛው ሥር አንድ ያረጀ ደብተር አወጡ። የ22 ዓመት መዝገብ ነው። የእያንዳንዱ ጌኮ ክብደት፣ የበላበት ቀን፣ ቆዳውን የቀየረበት ቀን፣ የጣለችው እንቁላል ተጽፏል። ጥሩ ጥሩውን ገጽ ሊያሳዩኝ ይችሉ ነበር። እሳቸው የገለጡልኝ በቀይ የተሰመረበትን ነው። «ይቺ የሞተችው በእኔ ጥፋት ነው፤ አንቺም የሠራሽውን ስሕተት ነው የሠራሁት» አሉኝ። ልጄ ቀና ብሎ አያቸው። ማልቀሱን ያቆመው ያኔ ነው።

ባደግሁበት አገር የመድኃኒት አዋቂ ቅጠሉን ለጎረቤቱ አይነግርም፤ ለልጁም ቢሆን በሞቱ ዋዜማ ነው የሚያወርሰው ይባላል። ስንት ዕውቀት ከባለቤቱ ጋር ተቀብሯል! እናንተ ግን ሠላሳ ዓመት የለፋችሁበትን ለማታውቁት ሰው በአንድ ቅዳሜ ጠዋት ትዘረግፉታላችሁ። ከሁሉ በፊት የማመሰግናችሁ ውድቀታችሁን ሳትደብቁ ስላካፈላችሁን ነው። የእናንተ የሞተች ጌኮ የእኛን ጌኮ አድናለች።

ወዳጅነታችን ከዚያ በኋላ ጠና። በሁለተኛው ዓመት አዛውንቱ ቤታቸው ጋብዘውን እንቁላል ማስፈልፈያቸውን አሳዩን። የዚህ ፍጥረት ጾታ የሚወሰነው እንቁላሉ በሚቆይበት ሙቀት ነው፤ በ26 ዲግሪ አካባቢ ሴቶች፣ በ32 ዲግሪ አካባቢ በብዛት ወንዶች ይፈለፈላሉ። ልጄ አንዱን እንቁላል «የእኔ» ብሎ ሁለት ወር ገደማ ቀን ቆጠረ። ቅርፊቱ ተሰንጥቆ ከጣት የማይበልጥ ግልገል ወጥቶ ሲራመድ አብሬው ነበርሁ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን ተረት ስንቴ ነግሬዋለሁ! ያን ቀን በዐይኑ አየው።

የእናንተ ትዕግሥት ከአንድ ቤት ሳጥን አልፎ ምን እንደሚሠራም ከእናንተው ተማርሁ። አክሶሎትል የሚባለው፣ የተቆረጠ እግሩን መልሶ የሚያበቅለው የሜክሲኮ የውኃ እንስሳ እ.ኤ.አ. በ1864 ወደ ፓሪስ መጣ። ኦጉስት ዱሜሪል የተባለው የሥነ ሕይወት ሊቅ ከተላኩት 34 እንስሳት ስድስቱን ተቀብሎ አራባቸው፤ ግልገሎቹንም ለአውሮፓ ተመራማሪዎችና አሳዳጊዎች አካፈለ። በትውልድ ቦታቸው በሾቺሚልኮ ቦዮች ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1998 በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 6,000 ያህል ይገኙ ነበር፤ በ2014 ግን በዚያው ስፋት የተገመቱት 36 ያህል ብቻ ናቸው። ዛሬ በየቤተ ሙከራውና በየቤቱ የሚዋኙት እጅግ ይበልጣሉ። ዐይኑ ላይ ሽፋሽፍት የመሰለ ጉትያ ያለው ክሬስትድ ጌኮም እንደጠፋ ተቆጥሮ ከኖረ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1994 በኒው ካሌዶኒያ ደሴቶች እንደገና ተገኘ። እናንተ ያኔ ከመጡት ጥቂቶች ዘር አራብታችሁ ዛሬ በየትርኢቱ የምናየው እንስሳ አደረጋችሁት። በጀርመን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2018 የተጀመረው ሲቲዝን ኮንሰርቬሽን የተባለው ፕሮግራም በመጥፋት ላይ ያሉ እንቁራሪቶችንና ሳላማንደሮችን ለአራዊት ፓርኮችና እንደ እናንተ ላሉ ግለሰቦች አከፋፍሎ ያራባል። ሙያችሁን መንግሥታት ያላቋቋሙት ትምህርት ቤት ብዬ ብጠራው አላጋነንሁም።

ሙያው ሊያስከትል ስለሚችለው ጉዳትም ከእናንተው አፍ ነው የሰማሁት፤ ለዚህም ልዩ ምስጋና አለኝ። እንቁራሪቶችን በዓለም ዙሪያ የፈጀው የቆዳ ፈንገስ እ.ኤ.አ. በ1999 በስም የታወቀው ከእኛ ሰፈር ሩቅ ባልሆነው በዋሽንግተን ብሔራዊ የአራዊት ፓርክ በሞተ ሰማያዊ እንቁራሪት ላይ ነው። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 እንዳስታወቁት በዚህ በሽታ ቢያንስ 501 ዝርያዎች ተመናምነዋል፤ 90ዎቹ ሳይጠፉ እንዳልቀሩ ይታመናል። የእንስሳት ንግድ በሽታውን እንዳዛመተ እናንተ አትክዱም። አዲስ እንቁራሪት ሲመጣላችሁ ለወራት ከሌሎቹ ለይታችሁ ታቆያላችሁ፤ የሳጥኑን ውኃ ሳታክሙ ወደ ውጭ አትደፉም፤ ያሳደጋችሁትን ወደ ጫካ አትለቁም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2016 የ201 ሳላማንደር ዝርያዎችን ወደ አገር መግባት ስትከለክል ሕጉ ቢከብዳችሁም ምክንያቱን ለልጄ አስረድታችሁታል። «ከዱር የተያዘ አትግዛ» ብላችሁ ያስተማራችሁትም እናንተ ናችሁ። እጁን በሳሙና ሳይታጠብ ምግብ እንዳይነካ ያስለመዳችሁትም እናንተ ናችሁ፤ ሳልሞኔላ ቀላል አይደለምና። አንዲት እናት ይህን ሁሉ በየቀኑ ብትናገር አትሰማም፤ ከእናንተ ሲመጣ ግን ሕግ ሆነ።

አንዲት ሴት ደግሞ አለች፤ ሎሚ የሚያህሉ የኤሊ ግልገሎች ይዛ የነበረች። ልጄ ካልተገዛልኝ ብሎ ሲያለቅስ አልሸጥልሽም አለችኝ። «ሱልካታ ነው፤ አድጎ ከ50 ኪሎ ያልፋል፣ ግቢውን ይቆፍራል፣ ከልጅሽም ዕድሜ በላይ ሊኖር ይችላል። በአፓርትመንት አይሆንም» አለች። ለሽያጭ መጥታ ገንዘብ የመለሰች ሴት! ከየት እንደመጣ ስጠይቃት ከሰሐራ በታች ያለውን አገር በካርታ ላይ ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ በጣቷ መራችኝ። ደነገጥሁ። የአገሬ ልጅ ነው ለካ። በዓለም ካሉ የየብስ ኤሊዎች በግዝፈት ሦስተኛው፣ በትውልድ አገሩ እየተመናመነ ያለው ይህ ኤሊ ከእኔ ቀድሞ አሜሪካ ገብቷል።

ስለ አገሬ ገበሎዎችና እንቁራሪቶች የተማርሁት ሁሉ በሜሪላንድ አዳራሽ ውስጥ መሆኑ ያሳፍረኛል፤ ያስደስተኛልም። አዛውንቱ ከመደርደሪያቸው ማልኮልም ላርገንና ስቲቨን ስፖልስ እ.ኤ.አ. በ2010 ያሳተሙትን ስለ ኢትዮጵያና ኤርትራ እንቁራሪት አስተኔዎችና ገበሎ አስተኔዎች የሚናገር ትልቅ መጽሐፍ አውጥተው አሳዩኝ። አገራችን ከ70 የሚበልጡ የእንቁራሪት አስተኔ ዝርያዎች አሏት፤ ከሢሶው የሚበልጡት ከእኛ ምድር በቀር የትም አይገኙም። በባሌ ሐረና ደን ብቻ የምትኖር፣ ለመጥፋት እጅግ የተቃረበች ትንሽ እንቁራሪት እንዳለች ያወቅሁት ያን ዕለት ነው። በድንጋይ ስናሳድዳቸው ከኖርናቸው እስስቶች መካከልም የዓለም ሊቃውንት ተራራ ወጥተው የሚፈልጓቸው አሉ።

ባለፈው ዓመት እናቴ ከአዲስ አበባ መጣች። ነብሮን እንዳየች «በስመ አብ!» ብላ አማተበችና ሦስት ቀን ወደዚያ ክፍል አልገባችም። በአራተኛው ቀን ልጄ «አያቴ፣ ነይ፣ ዐይኑን ሲጨፍን እዪው፤ እንደ ሌሎች ጌኮዎች አይደለም፣ ቆብ አለው» ብሎ እጇን ይዞ አስገባት። ቆማ አየችው። ልትመለስ ሳምንት ሲቀራት «በላ ወይ የኔ ልጅ?» እያለች የምትጠይቀው ስለ ልጄ ነበር ብዬ አስብ ነበር፤ ስለ ነብሮ ነው። ሰባ ዓመት የኖረ ፍርሃት ያለ ስብከት ሲሄድ አየሁ። ይህም የእናንተ ሥራ ነው።

እንግዲህ አደራዬን ልናገር። እናንተ ደብተራችሁን እንደተገለጠ አቆዩት፤ በተለይ በቀይ የተሰመረበትን ገጽ። በየከተማው ያላችሁ የአገሬ ሰዎች ደግሞ፣ ልጃችሁ ገበሎ ሲለምናችሁ ወደ ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት እነዚህን ሰዎች ፈልጉና ጠይቁ። አልችልም ካላችሁም አትግዙ፤ ይህም ፍቅር ነው። አገር ቤት ያላችሁ፣ አጥር ላይ እስስት ስታዩ ልጆቹን ድንጋዩን አስጥሏቸውና አብራችሁ ተመልከቷት።

በእኛም ቤት አሁን ደብተር አለ። የመጀመሪያው መስመር 29 ግራም ይላል፤ ቀይ ተሰምሮበታል። ልጄ ዛሬ ጠዋት በራሱ እጅ የጻፈው የመጨረሻው መስመር 63 ግራም ይላል።

አክባሪያችሁ፣
የነብሮ ባለቤት እናት