ያዘለችውን አበባ ስለ መተው

በባሕረ ሐሳብ ቍጥር ክረምት የሚወጣው መስከረም 25 ቀን ነው፤ በማግሥቱ መፀው ይገባል፤ እስከ ኅዳር 5 ቀን የሚቈየው የ40 ቀን ዘመነ ጽጌም ይጀመራል። የላስታ ዝናም ግን ይህን ቀን አይጠብቅም። በሐምሌና በነሐሴ አጥብቆ ይዘንምና ብዙ ጊዜ ደመራ ሳይተከል ያቋርጣል። ስለዚህ በላሊበላ ጓሮ ያለው ሰው የአበባውን ብዛትና የውሃውን ማነስ በአንድነት ይቀበላል። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ልንነግር ያሰብነውም በዚህ አጭር ወራት የትኛውን አበባ መቅጠፍ፥ የትኛውንስ መተው እንደሚገባ ነው።

እኛ ራሳችን ይህን የተማርነው ዘግይተን ነው። በ2013 ዓ.ም. በሰኔ ወር ባጥራችን ሥር ዱባ ተክለን ነበር። በሐምሌ መጨረሻ ጦርነቱ ከተማችን ደረሰ፤ መብራትና ባንክ ተቋረጠ፤ ገበያም ጠፋ። የ2014 ዓ.ም. ዕንቍጣጣሽ በሆነ ጊዜ ልጆቻችን አደይ አበባ ለመልቀም ወደ ሜዳ እንዳይወጡ ከለከልናቸው። እነርሱም በዓሉ ያለ አበባ እንዳይውል ብለው የዱባውን ቢጫ አበባ ሁሉ ቀጥፈው በደጃፋችን ጐዘጐዙት። እኛ ደስታቸውን አይተን ዝም አልን። አንዲት አሮጊት ጎረቤታችን እንኳን አደረሳችሁ ሊሉን ገብተው ባዩ ጊዜ ግን፥ «ልጄ፥ ይህ እኮ የኅዳር ራታችሁ ነበር» አሉን።

ከዚያም ወደ ጓሯቸው ወስደው አሳዩን። የዱባ አበባ ሁለት ዓይነት ነው። ወንዱ በቀጭንና በረዥም አገዳ ላይ ብቻውን ይቆማል፤ ቀድሞ የሚያብበውም እርሱ ነው፤ ፍሬ የለውም። ሴቲቱ አገዳዋ አጭር ሆኖ ከአበባዋ ሥር እንደ ለውዝ ፍሬ ያለች ትንሽ ዱባ ይዛ ትወጣለች። እማማ ይህችን «ያዘለችው» ይሏታል። ወንዱን አበባ ጥቂት አስቀርቶ መቅጠፍ አይጎዳም፤ ያዘለችውን የቀጠፈ ግን ዱባውን ቀጠፈ። በዚያ ዓመት በኅዳር ወር በምድጃችን የተቀቀለው ዱባ ከእርሳቸው ጓሮ የመጣ ነበረ።

ይህም ብቻ አይደለም። አበባዪቱ የምትከፈተው በንጋት ነው፤ ቀትር ሳይሆን ትከደናለች፤ ዳግመኛም አትከፈትም። በዚያች ማለዳ ንብ ከወንዱ አበባ ብናኙን ካላደረሰችላት ትንሿ ዱባ ቢጫ ሆና ትረግፋለች። ንብ በጠፋበት ጓሮ ሰው ወንዱን አበባ ቀጥፎ፥ ቅጠሉን ገልጦ፥ በመካከሉ ያለውን ዱቄት በሴቲቱ ውስጥ ቢነካው ፍሬው ይይዛል። ሥራው ከአንድ ስኒ ቡና የሚያንስ ጊዜ ይበቃዋል።

የንብን ነገር ለላሊበላ ሰው መንገር አይገባም ይሆናል። ንጉሡ በተወለደ ጊዜ ንብ እንደ ከበበው፥ ስሙም ከዚያ እንደ ወጣ አባቶች ሲነግሩን አድገናል። የላስታ ነጭ ማርም ከመንጠሴ አበባ እንደሚገኝ የታወቀ ነው። ስለዚህ አጥር ስናጸዳ መንጠሴውንና አደዩን ጨርሰን አንንቀል። አደይ በየዓመቱ ከዘሩ የሚበቅል ነውና ጥቂቱ ደርቆ ዘሩን እስኪያራግፍ ብንተወው ለከርሞ ሳንዘራው ይመለሳል፤ እስከዚያም ንቡን ወደ ጓሯችን ይጠራልናል።

ኮክ ያላችሁ ደግሞ የመጨረሻው ፍሬ እንዳለቀ ዛፉን ተመልከቱ። ዘንድሮ ያፈራው ቅርንጫፍ ለከርሞ አያፈራም፤ የሚያፈራው በዚህ ክረምት የወጣው ለጋ ነው። ስለዚህ አሮጌውን ቈርጦ ለጋውን ማስቀረት ይገባል። ከሥሩ የወደቀውን ኮክም ለቅሞ በጥልቅ መቅበር ያስፈልጋል፤ ትሉ በዚያ ያድርና ዝንብ ሆኖ ይመለሳልና። ለኮኩም፥ ለጽጌረዳውም፥ ለጌሾውም መሬቱ ገና እርጥብ ሳለ በግንዱ ዙሪያ ጎድጓዳ አበጅቶ፥ የታረመውን ሣርና ገለባ ግንዱን ሳያስነኩ ማልበስ ነው። መሬቱ ከደረቀ በኋላ የሚለብሰው ገለባ ደረቁን ይጠብቃል እንጂ እርጥበት አያመጣም። እህልና አታክልት የታጠበበትም ውሃ በደጅ ከሚደፋ ወደዚያ ጎድጓዳ ቢፈስ ይሻላል።

ዛሬ በቤታችን ልጆች በዕንቍጣጣሽ ማለዳ ወደ ጓሮ ሲወጡ ታላቂቱ ታናናሾቿን እየመራች፥ የአበባውን ሥር በጣቷ እየዳሰሰች ትሄዳለች። «ይህን ቅጠፉ፤ ያዘለችውን ተዉ» ስትል እንሰማታለን። የቤተ ሰብ አለቆች የሆናችሁ አንባቢዎቻችንም ልጆቻችሁን በዚህ ወር አንድ ማለዳ ወደ ጓሮ ይዛችሁ ብትወጡና ሁለቱን አበቦች ብታሳዩአቸው መልካም ነው።