የሚጠፋው እሳቱ ነው እንጂ ሰውየው አይደለም

የቡድሃ ተከታዮች በተመስጦ የሚደክሙት ባዶ ለመሆን ነው እያሉ የሚነቅፉ አሉ፤ ነቀፋቸው ግን መሠረት የለውም። ኒርቫና በጥንቱ የሕንድ ቋንቋ የእሳት መጥፋት ማለት ነው፤ የሚጠፋውም ስስት፥ ጥላቻና ድንቁርና ነው እንጂ ሰውየው አይደለም። ቡድሃ ማለት የነቃ ማለት ሲሆን፥ ጎታማ በቦድ ጋያ ከዛፍ ሥር ከነቃ በኋላ 45 ዓመት እየዞረ እንዳስተማረ ተከታዮቹ ይናገራሉ፤ ባዶነትን የሚሻ ሰው ስለ ምን ለሌላው ይደክማል? እጨጌ ዕንባቆም በአውሮፓ አቆጣጠር በ1553 ወደ ግእዝ የመለሱት የበረላምና የይዋስፍ መጽሐፍ እንኳ ሥሩ የዚሁ ሰው ታሪክ ነውና፥ ነገሩ ለሊቃውንቶቻችን ፍጹም ባዕድ አይደለም። ክርስቲያን ሊከራከር ቢወድ፥ ይህን እሳት የሚያጠፋው የሰው ጥረት ነውን ወይስ የእግዚአብሔር ጸጋ? ብሎ ይጠይቅ። ያላሉትን አሉ ማለት ግን በሐሰት መመስከር ነው።