የእንግሊዝኛ መምህሩ ጎረቤት ሲሆን፦ ከሁርሶ የተነሣ አስተያየት

ሁርሶ ከድሬዳዋ በስተ ምዕራብ፣ በቀድሞው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የባቡር መስመር ላይ የምትገኝ ትንሽ ጣቢያ ናት። ስሟ በአገሪቱ ውስጥ በይበልጥ የሚታወቀው በወታደራዊ ማሠልጠኛዋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት የአሜሪካ ወታደሮች ለኢትዮጵያ ወታደሮች ሥልጠና የሰጡት በዚሁ ማሠልጠኛ ስለነበር፣ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ባዕድ ለአካባቢው ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። ይሁን እንጂ አሠልጣኝ ወታደር ሥራውን ሲጨርስ ይሄዳል፤ መምህር ግን ቤት ይከራያል፣ ከጉሊት ሽንኩርት ይገዛል፣ ለቅሶ ይደርሳል፣ ቡና ይጠራል። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ከዚህ ልዩነት ይነሣል። የውጭ አገር የእንግሊዝኛ መምህር እንደ ሁርሶ ባለ ቦታ ቢመደብ፣ ተማሪውን የሚጠቅመው በክፍል ውስጥ በሚያሰማው አነጋገር ነው ወይስ ከክፍል ውጭ በሚኖረው ኑሮ?

ጥያቄው የቅንጦት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛን የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት ማስተማሪያ ቋንቋ አድርጎታል። በድሬዳዋና በዙሪያዋ የሚያድግ ልጅ ደግሞ አፋን ኦሮሞን፣ ሶማሊኛንና አማርኛን እየሰማ ያድጋል። በቀፊራ ገበያ በአንዱ ቋንቋ ዋጋ ጠይቆ በሌላው መከራከር ለብዙዎች የዘወትር ልማድ ነው። ይህ ልጅ ሁለተኛ ደረጃ ሲደርስ ሥነ ሕይወትንም ታሪክንም የሚማርበት ቋንቋ፣ በገበያም በጨዋታም በቤትም የማይሰማው አራተኛ ቋንቋ ይሆናል። እንግሊዝኛው ካልተሳካለት የሚወድቀው በአንድ ትምህርት ብቻ አይደለም፤ በሁሉም ነው።

ኢትዮጵያ የውጭ አገር የእንግሊዝኛ መምህራንን በብዛት የተቀበለችው እ.ኤ.አ. በመስከረም 1962 የመጀመሪያዎቹ የአሜሪካ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኞች በገቡ ጊዜ ነው። ወደ 280 የሚጠጉት እነዚህ ወጣቶች አብዛኞቹ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተመደቡ። ከመምጣታቸው በፊት በዋሽንግተን በሚገኘው የጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ሲሠለጥኑ አማርኛም ተምረዋል። መርሐ ግብሩ እ.ኤ.አ. በ1977 ተዘጋ፤ በ1995 ተመልሶ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በጦርነቱ ምክንያት ተቋረጠ፤ በ2007 ደግሞ እንደገና ተጀመረ። ስለ እነዚህ መምህራን ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀሰው ቁጥራቸውና የሸፈኑት የክፍለ ጊዜ ብዛት ነው። የዕለት ኑሯቸው ግን እንደ ትዝታ እንጂ እንደ ትምህርት አይቆጠርም። ስሕተቱ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ሰዓትን እንደ ምሳሌ መውሰድ ይቻላል። በኢትዮጵያ ቀኑ የሚቆጠረው ከንጋት ስለሆነ፣ በእንግሊዝኛው መማሪያ መጽሐፍ ላይ 8 ሰዓት የሚለው ጠዋት በተማሪው ቤት 2 ሰዓት ነው። አዲስ የመጣ ፈረንጅ «ነገ በ3 ሰዓት እንገናኝ» ሲባል ከሰዓት በኋላ ይመጣል፤ የቀጠሩት ሰዎች ግን ጠብቀውት ሄደዋል። ወሮቹም 13 ናቸው፤ ዓመተ ምሕረቱም በ7 ወይም በ8 ዓመት ይለያል። የተማሪው ሁለተኛ ስም የአባቱ ስም እንጂ የቤተሰብ መጠሪያ አለመሆኑን መምህሩ የሚረዳው ስም ሲጠራ ነው። እነዚህን ነገሮች በራሱ ላይ ደርሰው ያያቸው መምህር፣ ተማሪው «ስንት ሰዓት ነው?» ለሚለው የእንግሊዝኛ ጥያቄ ለምን የተሳሳተ መልስ እንደሚሰጥ ያውቃል። ተማሪው ሰዓት መቁጠር አላቃተውም፤ ሁለት የሰዓት አቆጣጠሮችን እያስታረቀ ነው። ይህን ዕውቀት ለመምህሩ የሚሰጠው በተሳሳተ ሰዓት የተገኘበት ቀጠሮ ነው።

ከዚህ የሚበልጥ ሌላ ጥቅምም አለ። በኢትዮጵያ ክፍሎች ተማሪው እንግሊዝኛ እንዳይናገር ከሚያግዱት ነገሮች አንዱ ሐፍረት ነው። ሰዋስው ያውቃል፣ ፈተና ያልፋል፤ አፉን ሲከፍት ግን ጓደኞቹ ይስቁብኛል ብሎ ይፈራል። «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚለው ተረት ለቋንቋ ተማሪም ይሠራል። በመንደሩ የሚኖር የውጭ መምህር የአካባቢውን ቋንቋ ለመናገር ሲጣጣር፣ ባለሱቋ ስትስቅበት፣ ሕፃናት ቃሉን ሲያርሙለት፣ እሱም አብሮ ስቆ ደግሞ ሲሞክር ተማሪዎቹ ያዩታል። ትናንት በገበያ ሲሳሳት የታየ መምህር ዛሬ በክፍል ውስጥ «ተሳሳቱ፣ ግን ተናገሩ» ቢል የሚያምነው ያገኛል። የተማሪነት ሥራውን በአደባባይ የሚሠራ መምህር፣ ስሕተት የመማር መንገድ እንጂ የውርደት ምልክት አለመሆኑን ያለ ንግግር ያስተምራል።

ይህን ሁሉ ያስቀረ ሙከራ በአገሪቱ ተደርጓል። እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተዘረጋው የሳተላይት ትምህርት፣ በተለምዶ «ፕላዝማ» የተባለው፣ በደቡብ አፍሪካ የተቀረጸ ትምህርትን በአንድ ጊዜ ለመላው አገር አደረሰ። እጅግ ሩቅ የሆነ ትምህርት ቤት እንኳ የሠለጠነ መምህር ድምፅ መስማቱ ቀላል ነገር አልነበረም። ነገር ግን የተደጋገመው ቅሬታ የታወቀ ነው፦ ትምህርቱ ይፈጥናል፣ አነጋገሩ እንግዳ ነው፣ ያልገባው ተማሪ ማስቆም አይችልም፣ በክፍሉ ያለው ኢትዮጵያዊ መምህርም የሚተርፈው ጥቂት ደቂቃ ነው። ፕላዝማው የውጭ መምህሩን ድምፅ አስመጥቶ ኑሮውን አስቀረ። በማያ ገጹ ላይ ያለው መምህር ተማሪውን በመንገድ አግኝቶ ሰላም አይለውም፤ በቀጠሮ ሰዓትም አይሳሳትም።

ከሌላ አገር ልምድ ብንነሣ ጃፓን ጥሩ ማነጻጸሪያ ናት። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ1987 ጄት የተባለውን መርሐ ግብር ስትጀምር ከ4 አገሮች 848 ወጣቶችን አስመጣች፤ ከዚያ ወዲህ የተሳተፉት ከ70 ሺህ በላይ ናቸው። አብዛኞቹ የሚሠሩት በረዳት የቋንቋ መምህርነት ሲሆን ከጃፓናዊው መምህር ጋር በአንድ ክፍል ያስተምራሉ። ውላቸው የአንድ ዓመት ሆኖ እስከ 5 ዓመት ሊታደስ ይችላል። ብዙዎች የሚመደቡት ከታላላቅ ከተሞች ርቀው በገጠርና በትንንሽ ከተሞች ነው፤ በዚያም ቆሻሻን በየዓይነቱ ለይተው በተወሰነለት ቀን ማውጣትን፣ ከተማሪዎች ጋር በክፍል ውስጥ ምሳ መብላትን፣ በሰፈር በዓል መገኘትን ይማራሉ። በድሬዳዋ መንገድ «ፈረንጅ» የሚባለው ሰው እዚያ «ጋይጂን» ይባላል። ጄት በጃፓን ውስጥ ትችት አላጣውም፤ ሆኖም የውጭ ሰው በመንደር መኖሩን ከመርሐ ግብሩ ዓላማ ጋር አያይዞ ማቀዱ ለኢትዮጵያ ትምህርት ይሰጣል።

በዚህ አስተያየት ላይ የሚነሡ ሁለት ብርቱ ተቃውሞዎች አሉ። የመጀመሪያው ፖለቲካዊና ታሪካዊ ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) የኢትዮጵያ ተማሪዎች ንቅናቄ የሰላም ጓድን የባዕድ ተጽዕኖ መሣሪያ አድርጎ ተቃውሟል። ያ ቁጣ ከንቱ አልነበረም፤ ቋንቋ ይዞ የሚመጣ ሰው ዓለምን የሚያይበትን ዓይንም ይዞ ይመጣል። መልሱ ግን መምህሩን በአጥር ማስቀመጥ አይደለም። በመንደር የሚኖር፣ የሚጠየቅ፣ የሚታረም ባዕድ ከሩቅ ከሚታዘዝ ባዕድ ይልቅ ለሕዝብ ቁጥጥር የቀረበ ነው። ሁለተኛው ተቃውሞ የበጀት ነው፤ ለውጭ መምህር የሚወጣው ገንዘብ ለኢትዮጵያውያን መምህራን ቢውል ይሻላል ይባላል። ይህ እውነት ነው፤ ምርጫው በሁለቱ መካከል ከሆነ ኢትዮጵያዊው መምህር ይቅደም። እንግሊዝኛን አፍ የፈታበት ሁሉ ማስተማር ይችላል የሚለው እምነትም መሠረት የለውም።

ከላይ የተባለው ሲጠቃለል፣ የውጭ መምህር የሚመጣ ከሆነ አመዳደቡ በኑሮ ላይ መመሥረት ይኖርበታል። አንደኛ፣ ከመመደቡ በፊትና ከተመደበ በኋላ አፋን ኦሮሞን ወይም ሶማሊኛን ከአማርኛ ጋር እንዲማር ይደረግ። በድሬዳዋ ዙሪያ አማርኛ ብቻ የሚያውቅ መምህር ከአንዳንድ ተማሪዎቹ ቤት ደጃፍ አያልፍም። ሁለተኛ፣ ብቻውን ክፍል ከመያዝ ይልቅ ከኢትዮጵያዊ መምህር ጋር ያስተምር፤ በሚሄድበት ቀን ሥራው ከሚቀረው ሰው ጋር ይቀራልና። ሦስተኛ፣ ቢያንስ ሁለት የትምህርት ዓመት በአንድ ቦታ ይቆይ፤ የመጀመሪያው ዓመት እሱ ራሱ የሚማርበት ነው። አራተኛ፣ የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲን የመሰሉ ተቋማት የድኅረ ምረቃ ተመራማሪዎች ሥራውን ሲገመግሙ የፈተና ውጤትን ብቻ አይቁጠሩ። ተማሪው ከክፍል ውጭ ስንት ጊዜ እንግሊዝኛ ተናገረ፣ ከማን ጋር፣ ስለ ምን የሚሉት ጥያቄዎችም ሊጠኑ ይገባል።

እነዚህ ነጥቦች ከሌላ ክልል ተመድቦ ለሚመጣ ኢትዮጵያዊ መምህርም ይሠራሉ። እሱም በሁርሶ የሚያድርበት ቤት ከሌለው፣ ትምህርቱ ሲያበቃ ወደ ከተማ የሚመለስ ከሆነ፣ ተማሪው የሚያየው የ40 ደቂቃ ሰው ብቻ ነው። ለሁርሶ ልጅ እንግሊዝኛ የፈተና ቋንቋ ሆኖ እንዳይቀር፣ ቋንቋውን የያዘው ሰው ጠዋት በክፍል፣ ማታ ደግሞ በሰፈር ሊገኝለት ያስፈልጋል።