ባዶ ቦታም ይነበባል

ዛሬ የምንጨዋወተው ስለ አንድ የማይታይ ነገር ነው። የማይታይ ነገር ስንል ስለ ነፋስ ወይም ስለ መንፈስ መናገራችን አይደለም፤ በጽሑፍ መስመር መጀመሪያ ላይ ስለሚገኘው ባዶ ቦታ ነው። «ከባዶ ቦታ ደግሞ ምን ቁም ነገር ይገኛል?» የሚል ቢኖር አስቀድሞ የአንድ ወዳጄን ታሪክ ያድምጥ።

ይህ ወዳጄ በአንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ክፍል ውስጥ የሚሠራ፥ ገና ሦስተኛ ዓመቱን ያልጨረሰ ወጣት ጸሓፊ ነው። ማታ ማታ እየተማረ ፓይተን የተባለውን የኮምፒዩተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ለመደ። አስተማሪው ለተማሪዎቹ ባደለው ወረቀት ላይ አንድ የደመወዝ ማስያ ፕሮግራም ነበረ። ወዳጄም «ይህንስ በሥራዬ ላይ ለምን አላውለውም?» ብሎ ወረቀቱን ከፊቱ ዘርግቶ ቃል በቃል ገለበጠው። ነገር ግን ጽሑፉ ከአንድ ገጽ ወደ ሌላው ሲሻገር መስመሮቹ ሁሉ ወደ ግራ ጠርዝ ተጠግተው፥ በፊታቸው የነበረው ባዶ ቦታ ጠፍቶ ኖሯል።

ፕሮግራሙ በአማርኛ ቢጻፍ በትክክለኛው መልኩ እንዲህ ያለ ነበረ፦

ለእያንዳንዱ ሠራተኛ፦
    ደመወዙን አንብብ
    የትርፍ ሰዓት ሥራ ካለው፦
        የትርፍ ሰዓቱን ክፍያ ጨምር
    ግብሩን ቀንስ
የወሩን ጠቅላላ ወጪ ጻፍ

አንባቢ ልብ ይበል፤ «ግብሩን ቀንስ» የሚለው ትእዛዝ «ደመወዙን አንብብ» ከሚለው ጋር እኩል ቆሟል። ስለዚህ ትርፍ ሰዓት የሠራም ያልሠራም ግብሩ ይቀነስበታል። ወዳጄ ባዶው ቦታ የጠፋበትን ጽሑፍ ለኮምፒዩተሩ በሰጠው ጊዜ ግን መኪናው «መስመሩ ወደ ውስጥ ገባ ማለት ነበረበት» ብሎ እምቢ አለው። እርሱም መስመሮቹን በግምት እያስገባ ሲያስተካክል ነገሩን እንዲህ አደረገው፦

ለእያንዳንዱ ሠራተኛ፦
    ደመወዙን አንብብ
    የትርፍ ሰዓት ሥራ ካለው፦
        የትርፍ ሰዓቱን ክፍያ ጨምር
        ግብሩን ቀንስ
የወሩን ጠቅላላ ወጪ ጻፍ

ቃል አልጎደለም፤ ቃልም አልተጨመረም። አንዲት መስመር ብቻ በአራት ባዶ ቦታ ወደ ውስጥ ገባች። ትእዛዙ ግን «ትርፍ ሰዓት ከሠራው ሰው ብቻ ግብር ቀንስ» ሆኖ ዐረፈው። በዚህ ጊዜ ኮምፒዩተሩ አንዳች ተቃውሞ አላሰማም። የታዘዘውን ፈጸመ።

በዚያ ወር ትርፍ ሰዓት ያልሠሩት ሁሉ ግብር ሳይቀነስባቸው ሙሉ ደመወዛቸውን ተቀበሉ። ከእነርሱም አንዱ የመሥሪያ ቤቱ አዛውንት ዘበኛ ነበሩ። ጭማሪ የተደረገላቸው መስሏቸው ገንዘቡን ለልጃቸው ደብተርና ጫማ አዋሉት። ስሕተቱ በታወቀ ጊዜ ግን በሚቀጥለው ወር የሁለት ወር ግብር በአንድ ጊዜ ተቀነሰባቸው፤ እርሳቸውም ያን ወር ከባለ ሱቁ በዱቤ እየወሰዱ ከረሙ። ወዳጄ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈበት። ነገር ግን እንዳጫወተኝ ከሆነ ከደብዳቤው ይልቅ ያሳፈረው፥ በማግሥቱ ጧት ዘበኛው እንደ ወትሮው ከበሩ ላይ ተነሥተው «እንደ ምን አደርክ ልጄ» ማለታቸው ነው።

እንግዲህ ጥፋቱ የማን ነው? ወዳጄን ከደሙ ንጹሕ ነው አልልም። የአንድ ትርፍ ሰዓት የሠራና የአንድ ያልሠራ ሰው ደመወዝ በእጁ አስልቶ ቢያመሳክር ኖሮ ስሕተቱን በአምስት ደቂቃ ባገኘው ነበር። ሆኖም ወረቀቱን ያዘጋጀውም ሰው ከበደሉ ድርሻ አለው። ፕሮግራምን ለሌላ ሰው ጽፎ የሚያሳይ፥ ቃሉን ብቻ ሳይሆን ቦታውንም ጭምር ማሳየት ግዴታው ነው።

ባዶ ቦታ በኮምፒዩተር ጽሑፍ ውስጥ ሥልጣን ያገኘው ትናንት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1957 ዓ.ም. የወጣው ፎርትራን የተባለው ቋንቋ 80 ዓምድ ባለው በሚበሳ ካርድ ላይ ይጻፍ ነበር። የመጀመሪያዎቹ 5 ዓምዶች ለመስመሩ ቁጥር፥ 6ኛው የቀደመው መስመር መቀጠሉን ለማመልከት፥ ከ7ኛው እስከ 72ኛው ያሉት ደግሞ ለትእዛዙ የተመደቡ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1966 ዓ.ም. ፒተር ላንዲን የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ፥ የትእዛዞች ወሰን መስመሩ ወደ ውስጥ በገባበት መጠን ይታወቅ የሚለውን ደንብ «ኦፍሳይድ» ሲል ሰየመው። የእግር ኳስ ወዳጆች ስሙን ያውቁታል፤ ከመስመሩ ያለፈ ተጫዋች ግብ ቢያገባም አይቆጠርለትም። ሆላንዳዊው ጊዶ ቫን ሮሰም እ.ኤ.አ. በ1991 ዓ.ም. ለሕዝብ ያቀረበው ፓይተንም በዚሁ ደንብ ይሄዳል።

ሲ የተባለው ቋንቋ የሚሄደው በሌላ መንገድ ነው። በእርሱ ዘንድ የትእዛዞችን ወሰን የሚያጥረው ጠምዛዛው ቅንፍ ነው፤ በመስመር መጀመሪያ ያለው ባዶ ቦታ ለሰው ዐይን እንጂ ለኮምፒዩተሩ ምንም አይናገርም። «እንግዲያውስ ከጭንቀት ዳንን» የሚል አንባቢ ግን አይቸኩል። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2014 ዓ.ም. አፕል የተባለው ኩባንያ የስልኮቹን ፕሮግራም በአስቸኳይ እንዲያርም ያደረገው እንዲህ ያለ ነገር ነበር። «ስሕተት ከተገኘ» ከሚለው ቀጥሎ «ወደ መውደቂያው ሂድ» የሚለው መስመር ሁለት ጊዜ ተጽፎ ነበር። ሁለቱም እኩል ወደ ውስጥ ስለ ገቡ፥ ለሚያያቸው ሰው ሁለቱም ለ«ከተገኘ» የሚታዘዙ ይመስሉ ነበር። ቅንፍ ስላልነበረ ግን ለሁኔታው የሚታዘዘው የመጀመሪያው ብቻ ሆነ፤ ሁለተኛው ስሕተት ቢኖርም ባይኖርም ሁልጊዜ ይፈጸም ነበር። በዚህ ምክንያት በምስጢር ለሚደረገው ግንኙነት የሌላውን ወገን ፊርማ የሚመረምረው ክፍል እየታለፈ፥ መኪናው ሳይመረምር «ትክክል ነው» ይል ነበር። በፓይተን ባዶ ቦታ ሲሳሳት ኮምፒዩተሩ ይሳሳታል፤ በሲ ባዶ ቦታ ሲሳሳት ሰው ይሳሳታል። የሚከፈለው ዕዳ ግን ያው ነው።

አሁን ወደ ተግባሩ እንምጣ። ፕሮግራምን በገጽ ላይ ማስፈር የፈለገ ተማሪ ወይም ሠራተኛ ሊጠነቀቅባቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ።

የመጀመሪያው ይኸው የባዶ ቦታ ጉዳይ ነው። የኢንተርኔት ገጾች የሚጻፉበት ኤች.ቲ.ኤም.ኤል. የተባለው ሥርዐት በተራ ጽሑፍ ውስጥ አሥር ባዶ ቦታ ቢደረደርለት እንደ አንድ ቈጥሮ ያሳየዋል፤ አዲስ መስመርንም እንደ አንድ ባዶ ቦታ ያየዋል። ይህ ለተራ ወግ መልካም ነው፤ ለፕሮግራም ግን ጥፋት ነው። መድኀኒቱ «ፕሪ» የተባለው ምልክት ነው፤ በእርሱ መካከል የገባ ጽሑፍ እንደ ተጻፈ ይታያል። ብዙ ጀማሪዎች «ኮድ» የተባለውን ምልክት ብቻ አኑረው ይረካሉ፤ እርሱ ግን ጽሑፉ ፕሮግራም መሆኑን ይናገራል እንጂ ባዶውን ቦታ አይጠብቅም። ስለዚህ ሁለቱን አጣምሮ መጠቀም ይገባል።

ሁለተኛው፥ በሒሳብ «ያንሳል» የምንልበት < የተባለው ምልክት ነው። በዚያው ሥርዐት ይህ ምልክት የትእዛዝ መክፈቻ ስለ ሆነ፥ የላቲን ፊደል ከተከተለው ከዚያ በኋላ ያለው ጽሑፍ ከገጹ ላይ ሊሰወር ይችላል። ስለዚህ በምትኩ & ብሎ «ኤል» እና «ቲ» የተባሉትን የላቲን ፊደላት ማስከተልና በ ; መዝጋት ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉ ይታሰብበት፤ በጽሑፉ ውስጥ & ካለ አስቀድሞ እርሱ ይለወጥ። ወደ ኋላ ከቀረ አዲስ የተተከሉትንም & ምልክቶች አብሮ ይለውጣቸውና ገጹ ይበላሻል።

ሦስተኛው የትምህርተ ጥቅስ ነገር ነው። ደብዳቤ የምንጽፍባቸው ፕሮግራሞች ውበት የሰጡ መስሏቸው ቀጥ ያለውን ጥቅስ ወደ ጠማማው ይለውጡታል፤ ሁለት ተከታታይ ሰረዞችንም አንድ ረዥም ሰረዝ ያደርጓቸዋል። ለሰው ልዩነቱ ኢምንት ነው፤ ፓይተን ግን ጠማማውን ጥቅስ አላውቅህም ይለዋል። ፕሮግራም በደብዳቤ መጻፊያ እንዳይጻፍ የሚመከረው ስለዚህ ነው።

አራተኛው እኛን አማርኛ ጸሓፊዎችን የሚመለከት ነው። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዓ.ም. ዩኒኮድ በተባለው የዓለም የፊደል መዝገብ በ3ኛው እትም ከገባ ወዲህ በኮምፒዩተር ላይ የራሱ ቁጥር አለው። እ.ኤ.አ. በ2008 ዓ.ም. ከወጣው ከ3ኛው ፓይተን ጀምሮም ለነገሮች በአማርኛ ፊደል ስም ማውጣት ይቻላል። ይሁን እንጂ የእኛ ሁለት ነጥብ ( ፡ ) እና የላቲኑ ( : ) ለዐይን ቢመሳሰሉም ለኮምፒዩተሩ ፈጽመው የተለያዩ ናቸው። ድርብ ሰረዛችንም ( ፤ ) በላቲኑ ( ; ) ፈንታ አይገባም። ከዚህም በላይ በአንዱ መስመር «ሠራተኛ» በሌላው «ሰራተኛ» ብለን ብንጽፍ፥ እኛ አንድ ቃል አድርገን እናነበዋለን፤ መኪናው ግን ሁለት ስም ነው ይላል። በንጉሡ «ሠ» እና በእሳቱ «ሰ» ምክንያት ከመምህራችን የተቀበልነው ቁጣ እዚህ ላይ ጥቅሙ ይታያል።

አምስተኛው የፊደሉ ስፋት ነው። በድሮው የጽሕፈት መኪና እያንዳንዱ ፊደል እኩል ቦታ ይይዝ ነበር፤ ፕሮግራምም እስከ ዛሬ ድረስ እንዲህ ባለ እኩል ስፋት ባለው ፊደል ይታተማል፤ አለዚያ ዓምዶቹ ይንሻፈፋሉ። የእኛ ፊደሎች ግን ከላቲኑ ጋር ሲቀላቀሉ ስፋታቸው ብዙውን ጊዜ እኩል ስለማይሆን፥ ከአማርኛ ቃል በኋላ ባዶ ቦታ እየደረደሩ ዓምድ ለማስተካከል መሞከር ከንቱ ድካም ነው። መስመሩም እጅግ አይርዘም። የፓይተን የአጻጻፍ መመሪያ አንድ መስመር ከ79 ፊደል እንዳይበልጥ ይመክራል።

ቀለምን በተመለከተ፥ ዛሬ የፕሮግራምን ቃላት በየዐይነታቸው በተለያየ ቀለም ማሳየት የተለመደ ነው። ይህን የሚያደንቅ ወጣት የአገራችንን የብራና መጻሕፍት ገልጦ ይመልከት። ጸሓፊው ጥቁሩን ቀለም ለንባቡ፥ ቀዩን ለቅዱሳን ስሞችና ለአርእስት አድርጎ፥ አንባቢ ገና ሳያነብ ዐይኑ የት እንደሚያርፍ ያስታውቀዋል። ነገር ግን ቀለም ረዳት እንጂ ጌታ መሆን የለበትም፤ ወረቀቱ በጥቁርና ነጭ ሲባዛ ትርጕሙ መጥፋት የለበትምና።

በመጨረሻም ፕሮግራምን ፎቶግራፍ አንሥተው በሥዕል የሚያቀርቡ አሉ። ባዶው ቦታ በሥዕል እንደማይጠፋ እውነት ነው። ዳሩ ግን ሥዕል አይገለበጥም፤ ተማሪው እንደገና በእጁ ሲለቅመው አዲስ ስሕተት ይገባበታል። ደግሞም ዐይነ ስውሩ ተማሪ ጽሑፍን በድምፅ የሚያነብለት መሣሪያ ቢኖረውም፥ ከሥዕል ውስጥ መስመሮቹን እንደ ነበሩ አያገኝም።

የቀድሞ ጸሓፊዎቻችን በቃልና በቃል መካከል ሁለት ነጥብ ያኖሩ ነበር። ባዶው ቦታ ራሱ በቀለም የተጻፈ ስለ ነበረ፥ ገልባጩ ቃልንና ቃልን አጣብቃለሁ ብሎ አይሠጋም ነበር። እኛ ነጥቡን ትተን ባዶውን ወሰድን፤ ለወግና ለደብዳቤ ከሆነ ብዙ የሚጎዳ አይደለም። ለኮምፒዩተር ትእዛዝ ስንጽፍ ግን ያ የማይታየው ነገር የሰው እንጀራ ሊይዝ ይችላል።

ስለዚህ ፕሮግራም ለሰው ከማደላችን በፊት፥ ከታተመው ገጽ ላይ ራሳችን መልሰን ገልብጠን እንሞክረው። የሠራ እንደ ሆነ ውጤቱን በእጃችን ካሰላነው ጋር እናመሳክረው። ወዳጄ አሁን እንዲህ ያደርጋል። በየወሩ የመጀመሪያውን ሒሳብ በእርሳስ የሚያወጣውም የማንንም አይደለም፤ የዘበኛውን ነው።