ሥራ ቢጠፋም ቀለቡ አለ

ከውጭ አገር ለልጅ የሚላክ ተቆራጭ መቋረጥ ሲጀምር አካሄዱ ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው። በመጀመሪያው ወር ከሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ከፍራንክፈርት «ትንሽ ታገሺኝ፣ የሥራ ሰዓት ተቀንሶብኛል» የሚል መልእክት ይመጣል። በሁለተኛው ወር ስልኩ ይጠራል፣ አይነሳም። በሦስተኛው ወር ቁጥሩ ተቀይሯል። አዲስ አበባ ያለችው እናት የትምህርት ቤት ክፍያ ማሳሰቢያ በልጇ ደብተር ውስጥ ተጣጥፎ ሲመጣላት፣ አባትየው በእውነት ሥራ አጥቶ ይሁን ወይስ ልጁን ረስቶ የምታረጋግጥበት መንገድ የላትም። ወሬው ግን ይደርሳታል። አንዱ «መኪና ቀይሯል» ይላታል፤ ሌላው «ታሞ ተኝቷል» ይላታል።

ሁለቱም ወሬ እውነት ሊሆን ይችላል። በሰው አገር ሥራ ማጣት ብርቅ አይደለም። መጋዘን ይዘጋል፣ የሆቴል ሥራ ይቀዘቅዛል፣ በኡበር የሚተዳደር ሰው መኪናው ከተበላሸ ገቢው በዚያው ቀን ይቆማል። እንዲህ የተቸገረን አባት ጨካኝ ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። ጥፋት የሚሆንበት ማጣቱን ሳይናገር መሰወሩ ነው። የብዙ አገሮች ሕግ አጥቶ የተቸገረን ወላጅ ያዳምጣል፤ ዝም ብሎ የጠፋን ግን አያልፍም።

በኢትዮጵያ ሕግ የልጅ ቀለብ የቸርነት ጉዳይ አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 213/1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ቀለብን ከምግብ አስፍቶ ያየዋል፤ መጠለያ፣ ልብስ፣ ሕክምናና ትምህርት ሁሉ በውስጡ አሉበት። መጠኑ የሚለካው በተቀባዩ ችግርና በሰጪው አቅም ነው፤ ከሁለቱ አንዱ ሲለወጥ ውሳኔው እንዲሻሻል መጠየቅ ይቻላል። ሥራ የፈታ ወላጅ እንግዲህ መሄጃ አላጣም፤ ወደ ችሎት ተመልሶ «አቅሜ ቀንሷል» ማለት ይችላል። ግዴታው ግን ከሥራው ጋር አብሮ አይሰናበትም። የወንጀል ሕጉም በአንቀጽ 658 ያለ በቂ ምክንያት ቀለብ የነፈገን ሰው በወንጀል ያስጠይቃል። «ያለ በቂ ምክንያት» የሚለው አነጋገር እዚያ የገባው በከንቱ አይደለም፤ ምክንያት ያለው ሰው ምክንያቱን ያስረዳ ማለት ነው።

አሜሪካ ውስጥ ሥራ አጥ ነኝ የሚል ወላጅ ፍርድ ቤት ሲቀርብ የሚጠብቀው የመጀመሪያ ጥያቄ «ለምን?» የሚል ነው። ድርጅቱ ተዘግቶበት ከሆነ አንድ ነገር ነው። ሥራውን በፈቃዱ ለቆ ወይም መሥራት እየቻለ ተቀምጦ ከሆነ ግን ዳኛው በእጁ የሌለውን ገቢ እንዳለው ቆጥሮ ያሰላበታል። ትምህርቱ፣ የሥራ ልምዱ፣ ጤንነቱና በአካባቢው የሚገኘው ሥራ ታይቶ «ይህ ሰው ቢሠራ በወር ይህን ያህል ያገኛል» ይባልና ቻይልድ ሰፖርት የሚባለው የልጅ ቀለብ በዚያ ልክ ይቆረጣል። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት ሜሪላንድ ሕጉ ይህን በፈቃድ ራስን ማደህየት ይለዋል። እ.ኤ.አ. በ1993 የግዛቲቱ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የስድስት ልጆች አባት የሆነ፣ ዕድሜውን በሃይማኖት ትምህርት ያሳለፈና በሌሎች ድጎማ የሚኖር ሰው ጉዳይ መርምሮ ነበር። የቀለቡ መጠን እንደገና እንዲሰላ ጉዳዩን ወደ ሥር ፍርድ ቤት ቢመልስም፣ አባትየው ራሱን በፈቃዱ ገቢ አልባ አድርጓል የሚለውን ድምዳሜ አጽንቶታል።

ይህ አሠራር ለስደተኛ ወላጅ አደጋም አለው። አዲስ አበባ ላይ ሐኪም የነበረ ሰው ቨርጂኒያ ሲገባ የሙያ ፈቃድ ፈተናውን እስኪያልፍ ድረስ ሐኪም አይደለም፤ በመኪና ማቆሚያ ወይም በአረጋውያን መጦሪያ ይሠራል። ዳኛው ዲግሪውን ብቻ አይቶ በሐኪም ደመወዝ እንዳያሰላበት ፈቃድ እንደሌለው፣ የት የት ሥራ እንዳመለከተና ምን መልስ እንዳገኘ በወረቀት ማሳየት ያለበት እሱ ራሱ ነው። በቀጠሮው ቀን ካልተገኘ ስለ እሱ የሚናገርለት የለም፤ ውሳኔው በሌለበት፣ በሌላው ወገን ማስረጃ ይሰጣል።

ዝም ያለ ሰው የሚከፍለው ዋጋ በቁጥርም ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣውና የብራድሊ ማሻሻያ በመባል የሚታወቀው የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ የተጠራቀመ ቀለብ ወደ ኋላ ተመልሶ እንዳይቀነስ ይከለክላል። ዳኛው መቀነስ የሚችለው የማሻሻያ ማመልከቻው ለሌላኛው ወገን ከደረሰበት ቀን ወዲህ ያለውን ብቻ ነው። በወር 700 ዶላር የተቆረጠበት አባት ጥር ላይ ከሥራ ተቀንሶ ሰኔ ላይ ቢያመለክት የአምስቱ ወር 3,500 ዶላር ዕዳ ሆኖ ይቀራል። ዳኛው ከልቡ ቢያዝንለት እንኳ ያንን የመሰረዝ ሥልጣን የለውም። ማመልከቻውን በተቀነሰበት ሳምንት አስገብቶ ቢሆን ኖሮ አብዛኛው ሊቀልለት ይችል ነበር።

ያ 3,500 ዶላር ደግሞ ወረቀት ላይ ብቻ አይቀመጥም። ውዝፉ ከ2,500 ዶላር በላይ ሆኖ በግዛቱ መሥሪያ ቤት በኩል ለፌዴራል መንግሥት ከተላለፈ፣ ባለዕዳው አሜሪካዊ ዜጋ ፓስፖርት አይሰጠውም፤ የነበረውም አይታደስለትም። ዱባይ ወይም አዲስ አበባ ሆኖ ፓስፖርቱ ቢያልቅበት ኤምባሲው ሊሰጠው የሚችለው በቀጥታ ወደ አሜሪካ የሚመልሰውን ጊዜያዊ ሰነድ ነው። ከታክስ የሚመለስለት ገንዘብ ይያዛል፤ ከሥራ አጥነት አበል ላይ እንኳ ቀለቡ ይቆረጣል። ዜግነት ገና ያላገኘውንም ይነካዋል፤ የዜግነት ማመልከቻው አብረውት ስለማይኖሩ ልጆችና ስለሚሰጠው ድጋፍ ይጠይቃል፣ እያወቁ ልጅን አለመርዳትም በመልካም ጠባይ መለኪያው ላይ ሊያስጥል ይችላል። መንጃ ፈቃድም ሊታገድ ይችላል፤ ይህ ግን የሕጉ ደካማ ጎን ነው። በታክሲ የሚተዳደርን አባት መንጃ ፈቃዱን ነጥቆ «ክፈል» ማለት ልጁን የሚጠቅምበት መንገድ የለም።

የእስር ነገርም አለ። ተርነር በሮጀርስ ላይ በተባለው መዝገብ፣ በሳምንት 51.73 ዶላር እንዲከፍል የታዘዘ የደቡብ ካሮላይና አባት መክፈል አለመቻሉን ለዳኛው ቢናገርም አቅሙ በወጉ ሳይጠየቅ 12 ወር ታሰረ። እ.ኤ.አ. በ2011 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ መንግሥት ለእንዲህ ያለ ሰው የግድ ጠበቃ ማቆም ባይኖርበትም፣ የመክፈል አቅሙ የክርክሩ ዋና ነጥብ መሆኑ ሊነገረውና ገቢውን የሚያስረዳበት ዕድል ሊያገኝ ይገባል ሲል ወሰነ። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው የፌዴራል ደንብ በበኩሉ የቀለብ መጠን በሰውየው እውነተኛ ገቢና ሁኔታ ላይ እንዲመሠረት፣ እስር ቤት መቀመጥም በፈቃድ ሥራ እንደመፍታት እንዳይቆጠር አዘዘ። ማጣቱን ማስረዳት ለሚፈልግ ወላጅ ሕጉ በሩን ከፍቷል፤ ደፍሮ መግባት የሱ ፈንታ ነው።

አንዳንድ አገሮች ከዚህ የተሻለ መላ አላቸው። ጀርመን ውስጥ አባት ወይም እናት ሳይከፍሉ ሲቀሩ መንግሥት የቀለብ ቅድሚያ ክፍያ ለልጁ ይሰጣል፤ እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ ክፍያው ልጁ 18 ዓመት እስኪሞላው ሊዘልቅ ይችላል። ስዊድንም ተመሳሳይ ድጋፍ አላት። በእስራኤል እ.ኤ.አ. በ1972 በወጣ ሕግ መሠረት የቀለብ ፍርድ በእጇ ያለና ገቢዋ ዝቅተኛ የሆነ እናት ከብሔራዊ መድን ተቋሙ ገንዘቡን ታገኛለች፤ ተቋሙ ደግሞ አባትየውን ያሳድደዋል። ብሪታኒያ በድጎማ የሚኖረውን ወላጅ እንኳ በሳምንት 7 ፓውንድ ታስከፍለዋለች። ገንዘቡ ለልጅ የሚበቃ አይደለም፤ ግዴታው እንዳልሞተ ግን ይናገራል። ከሁሉም የጀርመንና የእስራኤል መንገድ ይበልጣል። ልጁ ዛሬ ይበላል፣ ክርክሩ በመንግሥትና በባለዕዳው መካከል ይቀጥላል።

ይህ ድጋፍ ሁሉ ግን ልጁ በዚያው አገር ሲኖር ነው። ልጁ ደሴ ወይም አዋሳ ሲሆን ነገሩ ይለወጣል።

ድንበር ተሻግሮ ቀለብ ለማስከበር ተብሎ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2007 ሄግ ላይ ዓለም አቀፍ ስምምነት ተፈርሟል። የአውሮፓ ኅብረት፣ ብሪታኒያና አሜሪካ አባላት ናቸው፤ አሜሪካ ተግባራዊ ማድረግ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። በስምምነቱ መሠረት አንዲት እናት በምትኖርበት አገር ላለው መሥሪያ ቤት ታመለክታለች፤ መሥሪያ ቤቱ አባትየው ላለበት አገር አቻው ይልካል፤ ከዚያ በኋላ አድራሻ ማፈላለጉም ማስከፈሉም የእነሱ ሥራ ይሆናል። ኢትዮጵያ አባል አይደለችም። አዲስ አበባ ላይ የተሰጠ የቀለብ ውሳኔ ዴንቨር ሲደርስ የመቀበል ግዴታ ያለበት የመንግሥት ቢሮ የለም፤ እናትየው ራሷ ጠበቃ ይዛ ለግዛቱ ፍርድ ቤት ማመልከት ትችላለች፣ ግን ለጠበቃ የሚከፈል ዶላር ቢኖራት ቀለብ ባልለመነች። በተቃራኒውም እንዲሁ ነው። አሜሪካ የተፈረደበት አባት ጠቅልሎ አዲስ አበባ ቢገባ፣ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ የውጭ ፍርድን ለማስፈጸም ያ አገርም የኢትዮጵያን ፍርድ የሚያስፈጽም እንዲሆን ይጠይቃል።

የዓረብ አገሩ ጉዳይ ከዚህ ሁሉ ይለያል፣ በዚያ ባሕር ማዶ ያለችው ብዙ ጊዜ እናት ናትና። ሪያድ ወይም ቤይሩት በቤት ሠራተኝነት የተቀጠረች እናት መኖሪያ ፈቃዷ ከአሠሪዋ ጋር የታሰረ ነው፤ ሥራዋን ስታጣ ሕጋዊነቷም አብሮ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2013 ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከሳዑዲ ዓረቢያ የተመለሱት ኢትዮጵያውያን ከ160,000 በላይ ነበሩ። ከነዚህ መካከል ልጆቻቸውን ለአያት ትተው የሄዱና ለልጅ ትምህርት ሲልኩ የቆዩ እናቶች ነበሩ። እንዲህ ያለችዋን ሴት «ለምን አትልኪም» ብሎ ማስጨነቅ ነውር ነው። ጥያቄው አገር ቤት ወዳለው አባት መዞር አለበት። ሚስቱ ስትልክ እጁን አጣጥፎ የኖረ አባት፣ የቀለብ ግዴታው የሁለቱም መሆኑን ሊነግረው የሚችል ችሎት በአቅራቢያው አለ። ሕጉ አያቶችንም ቀለብ ሰጪ ያደርጋል፤ በተግባር ሸክሙን ለዓመታት የተሸከሙት እነሱ ናቸው፣ ያውም ማንም ሳይከሳቸው።

ሕፃኑን ይዛ አገር ቤት የቀረች እናትም ጨርሶ ባዶ እጇን አይደለችም። አባትየው ውጭ ቢሆንም መጥሪያው በኤምባሲ በኩል ወይም፣ አድራሻው ከጠፋ፣ በጋዜጣ እንዲደርሰው ችሎቱን መጠየቅ ትችላለች። በስሙ ኮንዶሚኒየም፣ መኪና ወይም የባንክ ሒሳብ ኢትዮጵያ ውስጥ ካለ ፍርዱ በዚያ ላይ ሊፈጸም ይችላል። ውጭ አገር ያለ ሰው እዚህ ንብረት ሲያፈራ ብዙውን ጊዜ በውክልና ስለሆነ፣ ወኪሉ ማን እንደሆነ ማወቅ ለጠበቃዋ ትልቅ እርዳታ ነው።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1991 የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 27 ንዑስ አንቀጽ 4 መንግሥታት ከውጭ አገር ነዋሪ ወላጅም ቀለብ የሚገኝበትን መንገድ እንዲያመቻቹና ወደ ዓለም አቀፍ ስምምነቶች እንዲገቡ ይጠይቃል። ይህን ያህል ዜጋ በውጭ የሚኖርባት አገር ከሄጉ ስምምነት ውጭ የምትቆይበት ምክንያት አይታይም። ፍትሕ ሚኒስቴር የማጽደቂያ ረቂቅ አዘጋጅቶ ለተወካዮች ምክር ቤት እንዲቀርብ ያድርግ።

ያ እስኪሆን ግን ከሥራ የተሰናበተ ወላጅ የሚጠብቀው ነገር የለም። የቀለብ ውሳኔ ካለበት የስንብት ደብዳቤውን አያይዞ በዚያው ሳምንት ለፍርድ ቤቱ ያመልክት። ውሳኔ ከሌለ ለልጁ አሳዳጊ ደውሎ እውነቱን ይንገራት፣ እስከ መቼ ምን ያህል መላክ እንደሚችልም ይስማሙና በጽሑፍ ያስቀምጡት። ሥራ ያመለከተባቸውን ቦታዎች መዝግቦ ይያዝ። በመንገደኛ እጅ የሚላክ ጫማና ጃኬት በፍርድ ቤት ስጦታ እንጂ ቀለብ ተብሎ ላይቆጠር ይችላልና ገንዘቡን በባንክ ወይም በሐዋላ ይላክ፤ ሃምሳ ዶላር ብቻ ካለው ሃምሳውን ልኮ ደረሰኙን ያስቀምጥ።