ተከፍሎት የሚያሞግስ፥ ሳይሸጥ የሚያስከፍል

የአክስቴ ልጅ ዘንድሮ 10ኛ ክፍል ነው። ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሰፈራችን ካለው ጌም ቤት ሄጄ ባገኘው፥ ጆይስቲኩን ለጓደኛው ለቆ እሱ በስልኩ አንድ ቪዲዮ ሲመለከት ደረስሁ። በቪዲዮው ውስጥ አንድ የውጭ አገር ወጣት አዲስ የወጣ ጨዋታ እየተጫወተ ይጮኻል፥ ይስቃል፥ እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቴ አላየሁም እያለ ይምላል። ልጁም ውጭ አገር የሚኖረው አጎታችን ይህን ጨዋታ በዚያ ሆኖ እንዲገዛለት መልእክት እንድጽፍለት ይለምነኝ ጀመር።

«ይህ ሰው እንዲህ የሚያሞግሰው ተከፍሎት ቢሆንስ?» አልሁት።

«ኧረ ወንድም ጋሼ፥ እሱ እንደዚያ አይደለም! ጨዋታ የሚወድ ሰው ነው እንጂ ነጋዴ አይደለም» ሲል መለሰልኝ።

ዛሬ ብዕሬን እንዳነሣ ያደረገኝ ይኸው መልስ ነው።

በከተማችን ደላላን የማያውቅ ሰው የለም። ደላላ «ይህ ቤት ፀሐይ የሚገባው፥ ውሃ የማይጠፋበት ነው» ቢል ማንም አይታለልበትም፤ ቤቱ ከተከራየ ድርሻውን የሚቀበል መሆኑ ስለሚታወቅ፥ ሰሚው ከቃሉ ላይ ግማሹን ቀንሶ ይሰማዋል። ደላላነት የሚያሳፍር ሥራ አይደለም። ነገሩ የሚበላሸው ደላላው የአጎት ልጅ መስሎ፥ «ለአንተ ስለማስብ ነው እንጂ እኔ ምን አገባኝ» እያለ የመጣ እንደ ሆነ ነው። ያን ጊዜ የሚቀነስለት ቃል የለም፤ የተነገረው ሁሉ በሙሉ ዋጋው ይገባል።

ይህን የምለው በግምት አይደለም፤ በመዝገብ የሰፈረ ጉዳይ አለ። (ዘመኑን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይገንዘብልኝ።) በ2014 ዋርነር ብሮስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሻዶው ኦፍ ሞርዶር የሚባል ጨዋታ አወጣ። ጨዋታውንም ለማስተዋወቅ በአንድ የማስታወቂያ ድርጅት በኩል፥ በዩቲዩብ ብዙ ተመልካች ካሏቸው ሰዎች ጋር ተዋዋለ። ለአንዳንዱ በመቶዎች፥ ለአንዳንዱም በዐሥር ሺሕዎች የሚቈጠር ዶላር ከፈለ፤ ጨዋታውንም ገበያ ላይ ከመዋሉ በፊት በነጻ ሰጣቸው። ውሉ ግን ጠንካራ ነበር። ስለ ጨዋታውም ሆነ ስለ ኩባንያው ክፉ ቃል እንዳይናገሩ፥ በጨዋታው ውስጥ ብልሽት ቢያጋጥማቸው እንዳያሳዩ የሚያስገድድ ነበር። ቪዲዮዎቹ ከ5.5 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ታዩ፤ ከዚህም ውስጥ 3.7 ሚሊዮን የሚያህለው ፒውዲፓይ በሚል ስም የታወቀው ስዊድናዊ ያቀረበው ነበር።

እኔን ይበልጥ ያስገረመኝ ክፍያው ጨርሶ ያልተደበቀ መሆኑ ነው። በብዙዎቹ ቪዲዮዎች ሥር፥ «ተጨማሪ አሳይ» የሚለውን ካልተጫኑ በማይገለጥ ቦታ፥ የኩባንያው እጅ እንዳለበት የሚናገር ቃል ተጽፎ ነበር። እንዲያውም ቃሉ ከቪዲዮው ሥር እንዲቀመጥ ያዘዘው ኩባንያው ነው። በየመሥሪያ ቤቱ ያለን ሰዎች ይህን ዘዴ አሳምረን እናውቀዋለን፤ ማስታወቂያ ወጥቷል ለመባል ያህል ከበሩ በስተኋላ እንደሚለጠፈው ወረቀት ነው። ያላየው ሰው «ለምን አላየህም?» ተብሎ ይወቀሳል፤ የለጠፈው ግን እንዳይታይ አድርጎ መለጠፉን ልቡ ያውቀዋል።

የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በዚህ ወረቀት አልተሸነገለም። ኩባንያውን ከሰሰና በ2016 በስምምነት ጉዳዩ ተቋጨ፤ ከእንግዲህ የሚከፈለው ሰው መከፈሉን ጐላ አድርጎ እንዲናገር ኩባንያው ግዴታ ገባ። የገንዘብ መቀጮ ግን አልተጣለበትም። ሕግ ዐዋቂዎች የመጀመሪያ ጥፋት እንዲህ ነው የሚታለፈው ይሉ ይሆናል፤ እኔ ግን ጨዋታው ከተሸጠና ገንዘቡ ከገባ ከሁለት ዓመት በኋላ «ሁለተኛ አይለምደኝም» ማለት ብዙ የሚከብድ ቅጣት ሆኖ አልታየኝም።

ከዚህ የባሰም አለ። ትሬቨር ማርቲንና ቶማስ ካሴል የተባሉ ሁለት የዩቲዩብ ሰዎች፥ ካውንተር ስትራይክ በሚባለው የተኩስ ጨዋታ ውስጥ ያሉትን የመሣሪያ ጌጦች እያስያዙ የሚቆምሩበትን አንድ ድረ ገጽ ለተመልካቾቻቸው ሲያሳዩ ሰነበቱ። አንደኛው በ5 ደቂቃ ውስጥ 13,000 ዶላር እንዴት እንደሚገኝ አስተምራለሁ የሚል ርእስ ያለው ቪዲዮ አቀረበ። ሲያሸንፉ እየዘለሉ ይደሰታሉ፤ ልጆችም ይህን አይተው ይሄዳሉ። በ2016 ነገሩ ሲገለጥ የቁማሩ ድረ ገጽ ባለቤቶች እነሱው ራሳቸው ሆነው ተገኙ፤ አንደኛው ፕሬዚዳንት፥ ሁለተኛው ምክትል ነበሩ። ለሌሎች ቪዲዮ አቅራቢዎችም ከ2,500 እስከ 55,000 ዶላር ከፍለው ያስመሰግኑ ነበር። በሴፕቴምበር 2017 ኮሚሽኑ ጉዳዩን በስምምነት ዘጋው። ኮሚሽኑ ድርጅትን ትቶ እንዲህ ያሉትን ግለሰቦች ራሳቸውን ሲከስ ያ የመጀመሪያው ነበር።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ እነዚያ ልጆች ለቁማር ያስያዙት ነገር ራሱ ምን ነበር? በጨዋታ ውስጥ ያለ ጠመንጃ የሚቀባው ቀለም! በእውነተኛ ዶላር ይሸጣል፥ ይለወጣል። ጨዋታው ያለበትን ስቲም የተባለውን የገበያ ቦታ ውል ያነበበ ሰው ግን፥ በዚያ የሚገኘው ሁሉ ለመጠቀም የሚፈቀድ እንጂ የሚሸጥ እንዳልሆነ ተጽፎ ያገኛል። በፊት ለፊት ያለው ቁልፍ «ግዛ» ይላል፤ በስተኋላ ያለው ውል «አልሸጥሁልህም» ይላል። የተከፈለውን አሞጋሽ ማስታወቂያ ከበሩ በስተኋላ የለጠፈውና ይህን ውል የጻፈው አንድ ዓይነት ጸባይ ነው ብዬ አምናለሁ። ለዚህ ነው ሁለቱን ጉዳዮች በአንድ ጽሑፍ ያመጣኋቸው።

አባቶቻችን በርስትና በጭሰኝነት መካከል ያለውን ልዩነት ማንም ሳያስተምራቸው ያውቁት ነበር። ጭሰኛው መሬቱ የእርሱ እንዳልሆነ ያውቃል፤ ባለመሬቱ በፈለገ ጊዜ «ልቀቅ» ሊለው እንደሚችልም ያውቃል። ዛሬ የመጣው አዲስ ነገር፥ ጭሰኛውን የርስት ዋጋ አስከፍሎ ባለርስት ነህ እያሉ ማኖር ነው።

በጌም ቤቱ መደርደሪያ ላይ የተደረደሩት ዲስኮች ከእጅ ወደ እጅ የዞሩ ናቸው። ባለቤቱ አንዱን ሲሰለች ለሌላ ጌም ቤት ይሸጠዋል፥ ወይም በሌላ ይለውጠዋል፤ ማንንም አያስፈቅድም። የተገዛ ዕቃ ማለት ይህ ነው። በ2013 ማይክሮሶፍት ኤክስቦክስ ዋን የተባለውን መሣሪያ ሲያስተዋውቅ፥ የዲስክ ጨዋታ ሳይቀር በኢንተርኔት እየተረጋገጠ እንዲሠራ፥ ለሌላ ሰው ማስተላለፉም በሕግና በደንብ እንዲታጠር አስቦ ነበር። ገዢው አገር ይያዝልኝ ብሎ ቢጮኽበት በዚያው ዓመት ሐሳቡን ሰረዘ። ነገር ግን ያን ጊዜ በበር አልገባ ያለው ነገር ቀስ እያለ በመስኮት ገባ፤ በ2020 የወጣው ፕሌይስቴሽን 5 አንደኛው ዓይነት ከነጭራሹ ዲስክ መክተቻ የለውም።

ዲስክ መያዝም ቢሆን ዋስትና አልሆነም። ዩቢሶፍት የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ በዲሴምበር 2014 ዘ ክሩ የሚባል የመኪና ጨዋታ አወጣ። አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር በመኪና የሚያዞር ጨዋታ ነው፤ ሰው ብቻውን ሊጫወተው ይችላል። ይሁን እንጂ ብቻውን ለሚጫወተውም ሰው ቢሆን ከኩባንያው ሰርቨር ጋር ካልተገናኘ እንዳይነሣ ተደርጎ የተሠራ ነበር። በ31 ማርች 2024 ኩባንያው ሰርቨሩን ዘጋው። ብዙም ሳይቆይ ከገዢዎቹ አካውንት ላይ ፈቃዱን ያነሣ ጀመር። በዲስክ የገዛውም፥ በኢንተርኔት ያወረደውም እኩል ባዶ እጁን ቀረ።

ጨዋታ አልወድም፥ የእኔ ነገር መጽሐፍ ነው የሚል ተማሪ ቢኖር እሱም አይዝናና። በ2009 አማዞን 1984 የተባለውን የጆርጅ ኦርዌልን መጽሐፍ፥ አቅራቢው መብት አልነበረውም በማለት፥ ከገዢዎቹ ኪንድል ላይ ሌሊቱን ሰርዞባቸዋል። ገንዘቡን መልሷል፥ ኋላም ይቅርታ ጠይቋል። ሆኖም ከመደርደሪያህ መጽሐፍ ወስዶ በቦታው ብር አስቀምጦ የሚሄድ መጽሐፍ ሻጭ በአካል ቢመጣብህ ምን ትለዋለህ?

በመሥሪያ ቤታችን አንድ ባልደረባዬ፥ ሒሳብ ዐዋቂ ነው፥ ይህን ሁሉ ብነግረው «ታዲያ አንድ ኩባንያ ጥቂት ሰው ለሚጫወትበት ጨዋታ እስከ ዕለተ ሞቱ ሰርቨር ይክፈል ትላለህ?» ሲል ሞገተኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን እንዲህ ብሎ የጠየቀ ሰው ያለ አይመስለኝም። ሮስ ስኮት የተባለ አሜሪካዊ በ2024 ጨዋታዎችን መግደል ይቁም በሚል የጀመረው እንቅስቃሴ የሚጠይቀው፥ ኩባንያው ሰርቨሩን ሲዘጋ ጨዋታው ያለ እርሱ እንዲሠራ አድርጎ እንዲተወው ብቻ ነው። ለኤውሮፓ ኅብረት የቀረበው የዚሁ ጉዳይ አቤቱታ በጁላይ 2025 ከአንድ ሚሊዮን ፊርማ በላይ አገኘ። ይቻላል ወይ? ለሚለው ዩቢሶፍት ራሱ መልስ ሰጥቷል፤ የመጀመሪያውን ዘ ክሩ ከዘጋ በኋላ ጩኸቱ ሲበዛበት፥ ለተከታዩ ጨዋታ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራበትን መንገድ እንደሚያበጅ በ2024 ቃል ገባ፥ በ2025ም አበጀለት።

የሕግ መንገዱ ግን ወጣ ገባ ነው። በፈረንሳይ አገር አንድ የሸማቾች ማኅበር፥ በስቲም የተገዛ ጨዋታ እንደ ማንኛውም ዕቃ ተመልሶ ይሸጥ ሲል ተከራክሮ በ2019 ፓሪስ ላይ ረታ፤ በ2022 በይግባኝ ተረታ። የካሊፎርኒያ ግዛት ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ የጸና ሕግ አወጣች፤ ሻጩ የሚሰጠው የመጠቀም ፈቃድ ብቻ መሆኑን በግልጽ ካላስታወቀ «ግዛ» የሚለውን ቃል በዲጂታል ዕቃ ላይ እንዳይጠቀም ይከለክላል። ስቲም ሕጉ ከመጽናቱ በፊት በ2024 መክፈያው ላይ አንዲት መስመር ጨመረ። ይህ መልካም ጅምር ነው፤ ወረቀቱ ከበሩ በስተኋላ ወደ ፊት ለፊት መጥቷል። ሆኖም በበኩሌ ግማሽ መንገድ ነው እላለሁ። ለአሞጋሹ «ተከፍሎኛል» ብሎ በግልጽ መናገር ይበቃዋል፤ እሱን ከሰማን በኋላ ፍርዱ የእኛ ነው። ለሻጩ ግን «አልሸጥሁልህም» ብሎ በግልጽ መናገር ብቻ ሊበቃው አይገባም፤ የሽያጭ ዋጋ ተቀብሏልና። ወይ የኪራይ ዋጋ ያስከፍል፥ የሚያበቃበትንም ቀን አስቀድሞ ይናገር፥ አለዚያም የሸጠውን ይተውልን።

«ይህ ሁሉ ስለ ጨዋታ ነው ወይ?» የሚለኝ አይጠፋም። አዎን፥ ስለ ጨዋታ ነው። የዛሬው የ10ኛ ክፍል ተማሪ በገንዘቡ የመጀመሪያውን ውል የሚፈርመው ግን እዚህ ነው። ሳያነብ «እስማማለሁ» ማለትን፥ ያልተገለጠ ደላላን ወዳጅ ማድረግን የሚለምደው እዚህ ነው። ነገ መሥሪያ ቤት ሲገባ ፕሮግራም የሚገዛው፥ ውል የሚመረምረው እሱ ነው። ይልቁንም የእኛ አገር ልጅ ችግር ድርብ ነው፤ በውጭ ምንዛሪ መክፈል ስለሚቸግረው በውጭ አገር ዘመዱ ስም፥ በሌላ አገር አድራሻ በተከፈተ አካውንት ይገዛል። አንድ ቀን የገዛው ቢጠፋበት አቤት የሚልበት በር ከየት ያገኛል?

ይህን ጽሑፍ ከመፈጸሜ በፊት ትናንት ወደ ጌም ቤቱ ተመልሼ ሄድሁ። ልጁ ከቪዲዮው ሥር ያለውን ጽሑፍ መክፈት ለምዶ፥ ያገኘውን ለጓደኞቹ እያነበበ ነበር። ባለቤቱን ኢንተርኔቱን ለጥቂት ደቂቃ ቢያጠፋልኝ ብዬ ብለምነው «ምን ልታደርግ ነው?» እያለ ራውተሩን ነቀለው። አራት ዲስኮች ተራ በተራ አስገባን። ሦስቱ ተከፈቱ። አራተኛው ጥቂት አሽከረከረና ከኢንተርኔት ጋር አገናኙኝ የሚል ጽሑፍ አውጥቶ ቆመ። ባለቤቱ ዲስኩን አወጣው፥ በሸሚዙ ጠረገው፥ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙሮ አገላብጦ ተመለከተው።

«ምንም ጭረት የለበትም እኮ» አለኝ።